የቆሻሻ ማንሻ ክፍያ ደብዳቤ ሲደርስዎ፦ በካሊፎርኒያ ለሚኖሩ የቤት ባለቤቶችና ተከራዮች የተዘጋጀ ዝርዝር መመሪያ

እ.ኤ.አ. በሜይ 2025 በሳንዲያጎ ከተማ ሲቲ ሃይትስ በሚባለው ሰፈር የሚኖሩ አንዲት እናት ቡና ጠርተውኝ ሄጄ ነበር። ከረከቦቱ አጠገብ ሳይከፈቱ የተቆለሉ ፖስታዎች ነበሩ። ከመካከላቸው አንዱን አንሥተው «የሱፐርማርኬት ማስታወቂያ መስሎኝ ነው ልጄ፤ እስቲ እየው» አሉኝ። ከፍቼ ሳነበው ከተማው ከየቤቱ ደጃፍ ቆሻሻ ለማንሣት አዲስ ክፍያ ሊያስከፍል ማሰቡን፣ የሚቃወም ባለቤት በጽሑፍ ማሳወቅ እንደሚችል፣ ጉዳዩ የሚሰማውም ጁን 9 እንደሆነ የሚገልጽ ነበር። በሶሻል ሴኩሪቲ ገቢ ብቻ ለሚኖሩ እናት በወር ከአርባ ዶላር በላይ የሆነ አዲስ ወጪ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ ቀን ወዲህ ተመሳሳይ ጥያቄ ያነሡልኝ ብዙ ወገኖች ስለሆኑ፣ ማድረግ የሚቻለውን ሁሉ በቅደም ተከተል ለመጻፍ ወሰንኩ።

ሳንዲያጎን እንደ ምሳሌ የወሰድኩት ነገሩ በቅርብ የተፈጸመ በመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1919 የከተማው ሕዝብ በድምፁ ያጸደቀው «ፒፕልስ ኦርዲናንስ» የተባለ ደንብ ከተማው የነዋሪውን ቆሻሻ እንዲያነሣ ያስገደደ ሲሆን፣ በኋላ በተደረገበት ማሻሻያ ደግሞ ለዚህ አገልግሎት የተለየ ክፍያ መጠየቅ ተከልክሎ ቆይቷል። በዚህ የተጠቀሙት በአብዛኛው የራሳቸው ግቢ ያላቸው ቤቶች ሲሆኑ፣ በትልልቅ አፓርታማዎች የሚኖሩት ግን ቆሻሻቸውን በግል ድርጅት እያስነሡ ይከፍሉ ነበር። ይህ አድልዎ እውነተኛ ነበር፤ እኔም አልክደውም። በኖቬምበር 2022 «ሜዠር ቢ» የተባለው የድምፅ ጥያቄ በጠባብ ልዩነት ሲያልፍ ክልከላው ተነሣ። ቅሬታው የበረታው ግን በመጠኑ ላይ ነው። ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት የተነገረው ግምት በወር ከ23 እስከ 29 ዶላር ነበር፤ በ2025 ምክር ቤቱ ለመጀመሪያው ዓመት ያጸደቀው ግን ለሙሉ አገልግሎት በወር 43.60 ዶላር ነው።

አዲስ አበባ ለኖረ ሰው ለቆሻሻ መክፈል እንግዳ ነገር አይደለም። እዚያ ክፍያው በውሃ ቢል ላይ በመቶኛ ተሰልቶ ይመጣ ስለነበር፣ ውሃ በቁጠባ የሚጠቀም ቤት ለቆሻሻውም ያንኑ ያህል ያነሰ ይከፍል ነበር። እዚህ የሚለካው የማጠራቀሚያው ስፋት ነው፤ በአንድ ዓይነት ማጠራቀሚያ የሚጠቀሙ ብቸኛ አዛውንትና ሰባት ሰው ያለበት ቤት እኩል ይከፍላሉ። ይህን ልዩነት ከጅምሩ መረዳት ኋላ ላይ ገንዘብ ያተርፋል።

መጀመሪያ፦ ደብዳቤውን ይለዩ፣ ቀኑን ይመዝግቡ

በካሊፎርኒያ ሕዝቡ እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 1996 ያጸደቀው ፕሮፖዚሽን 218 በግዛቲቱ ሕገ መንግሥት ውስጥ ገብቶ የሚገኝ ሲሆን፣ ከመሬትና ከቤት ጋር የተያያዘ ክፍያ ሊጥል ወይም ሊጨምር የሚፈልግ ከተማ ሁሉ አስቀድሞ ለባለቤቶች በፖስታ እንዲያሳውቅ ያስገድዳል። ማስታወቂያው የሚላከው ጉዳዩ ከሚሰማበት ቀን ቢያንስ 45 ቀን ቀደም ብሎ ነው። በውስጡም የክፍያው መጠን፣ መጠኑ የተሰላበት መሠረት፣ ክፍያው ያስፈለገበት ምክንያት፣ እንዲሁም ስብሰባው የሚካሄድበት ቀን፣ ሰዓትና ቦታ መገለጽ አለበት። እነዚህን አራት ነገሮች በእስክሪብቶ ያስምሩባቸው። አንዱ ከጎደለ ማስታወቂያው ራሱ ጉድለት አለበትና ይህን በተቃውሞዎ ላይ መጥቀስ ይችላሉ።

ውኃ፣ ፍሳሽና ቆሻሻ በዚህ ሕግ የተለየ ቦታ እንዳላቸው ማወቅ ያስፈልጋል። ሌሎች ክፍያዎች ድምፅ ካልተሰጠባቸው አይጸኑም፤ በእነዚህ በሦስቱ ላይ ግን የባለቤቱ መከላከያ የጽሑፍ ተቃውሞ ብቻ ነው። ዝም ያለ ሰው እንደተስማማ ይቆጠራል። ደብዳቤውን ሳይከፍቱ ማስቀመጥ ጉዳት አለው የምለውም ለዚህ ነው።

በእኛ ቤተሰቦች ዘንድ በተደጋጋሚ የማየው አንድ ችግር አለ። ቤቱ የተገዛው በልጅ ወይም በወንድም ክሬዲት ከሆነ፣ በባለቤትነት የተመዘገበው ስም እዚያ ከሚኖረው ሰው ስም ይለያል፤ ማስታወቂያውም በተመዘገበው ስም ወደ ሌላ አድራሻ ሊሄድ ይችላል። በቤቱ የሚኖሩት እናት ወይም አባት የፈረሙት ተቃውሞ ላይቆጠር ስለሚችል፣ የንብረት ግብር ቢሉ በማን ስም እንደሚመጣ አስቀድመው ያረጋግጡና ፊርማውን ያ ሰው እንዲያኖር ያድርጉ።

ሁለተኛ፦ ክፍያው በዓመት ስንት እንደሚሆንና በየት በኩል እንደሚመጣ ያስሉ

የወሩ ቁጥር ትንሽ ይመስላል። 43.60 ዶላር በ12 ሲባዛ 523.20 ዶላር ይሆናል። በሳንዲያጎ ይህ ገንዘብ ለብቻው ቢል ሆኖ አይመጣም፤ ፕሮፐርቲ ታክስ በምንለው የንብረት ግብር ላይ ተደምሮ ነው የሚመጣው። በካሊፎርኒያ የንብረት ግብር በዓመት ሁለት ጊዜ ይከፈላል። የመጀመሪያው ክፍያ ከኖቬምበር 1 ጀምሮ እስከ ዲሴምበር 10፣ ሁለተኛው ከፌብሩዋሪ 1 ጀምሮ እስከ ኤፕሪል 10 ድረስ ካልገባ አሥር በመቶ ቅጣት ይጨመርበታል። ስለዚህ በክፍያው የተናደደ ሰው «የቆሻሻውን ቀንሼ እከፍላለሁ» ብሎ ጎደሎ ቼክ ቢልክ፣ የሚያተርፈው ቅጣት ነው። ተቃውሞ ካለዎት ይክፈሉና ይቃወሙ።

ግብሩን ባንኩ የሚከፍልላቸው ሰዎች ደግሞ ሌላ የሚጠብቃቸው ነገር አለ። ሞርጌጅ (የቤት ብድር) ያለባቸው ብዙ ቤቶች የግብሩን ገንዘብ በየወሩ ኤስክሮው በሚባለው ሒሳብ ያስቀምጣሉ። የቆሻሻው ክፍያ በግብሩ ላይ ሲጨመር ባንኩ ከሒሳቡ ይከፍለዋል፤ በዓመቱ መጨረሻ ሒሳቡን ሲመረምር ደግሞ ጉድለት ያገኛል፤ ከዚያም የጎደለውን ለመተካትና ለሚቀጥለው ዓመት ለማስቀመጥ ወርሃዊ ክፍያውን በአንድ ጊዜ ከፍ ያደርጋል። ከወራት በኋላ «ሞርጌጄ ለምን ጨመረ?» እያሉ የሚጠይቁ ወገኖች መልሱን የሚያገኙት እዚህ ላይ ነው። አስቀድመው ለባንኩ ደውለው በየወሩ ትንሽ ጨምረው እንዲያስቀምጡ መጠየቅ ይችላሉ።

ማስታወቂያው የአንድ ዓመት ዋጋ ብቻ ይዞ እንደማይመጣም ልብ ይበሉ። ሕጉ እስከ አምስት ዓመት የሚደርስ የጭማሪ ሠንጠረዥ በአንድ ጊዜ እንዲጸድቅ ይፈቅዳል። የመጀመሪያውን ዓመት ብቻ አይተው አይወስኑ፤ የሠንጠረዡን የመጨረሻ መስመር ያንብቡ።

ሦስተኛ፦ የወጪ ጥናቱን ይጠይቁና ያንብቡ

ብዙ ሰው የሚዘለው ይህንን ደረጃ ነው፤ በእኔ እምነት ግን ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። ሕገ መንግሥቱ ከተማው ከክፍያው የሚሰበስበው ገንዘብ አገልግሎቱ ከሚያስወጣው ወጪ እንዳይበልጥ፣ ለሌላ ዓላማ እንዳይውል፣ ከእያንዳንዱ ቤት የሚጠየቀውም ያ ቤት ከሚያገኘው አገልግሎት ድርሻ እንዳያልፍ ይደነግጋል። አገልግሎቱም ቤቱ በእርግጥ የሚጠቀምበት ወይም ወዲያውኑ ሊያገኘው የሚችል መሆን አለበት። ክርክር ቢነሣ እነዚህን ነገሮች ማሟላቱን የማስረዳት ሸክም የሚወድቀው በከተማው ላይ ነው። ስለዚህ «ተወደደብኝ» የሚለው ቅሬታ እውነት ቢሆንም በሕግ ፊት ክብደቱ ትንሽ ነው፤ «ይህ ወጪ የእኔን ቆሻሻ ከማንሣት ጋር ግንኙነት የለውም» የሚለው ግን መልስ የሚሻ ጥያቄ ነው።

ከተማው ክፍያውን ያሰላበት ጥናት አብዛኛውን ጊዜ በድረ ገጹ ላይ ይገኛል። ካልተገኘ በካሊፎርኒያ የሕዝብ መዛግብት ሕግ መሠረት በኢሜይል ወይም በደብዳቤ ይጠይቁ፤ መሥሪያ ቤቱ ሰነዱን ይሰጥ ወይም አይሰጥ እንደሆነ በአሥር ቀን ውስጥ መወሰን አለበት። የዜግነትም ሆነ የመኖሪያ ፈቃድ ሁኔታዎን መግለጽ አይጠበቅብዎትም።

ጥናቱ እጅዎ ሲገባ ሁሉንም ገጽ ለማንበብ አይሞክሩ። የወጪ ዝርዝሩ ያለበትን ሠንጠረዥ ፈልገው እነዚህን ነገሮች ይጠይቁ። አዳዲስ መኪናዎችና ማጠራቀሚያዎች የተገዙበት ወጪ በስንት ዓመት ተከፋፈለ፣ ወይስ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ላይ ተጫነ? በመንገድ ዳርና በመናፈሻ የሚቀመጡ የሕዝብ ማጠራቀሚያዎች፣ ወይም በሕገ ወጥ መንገድ የተጣለ ቆሻሻ ማጽዳት ከቤት ባለቤቶች ክፍያ ውስጥ ገብተዋል? የተጨመሩት አገልግሎቶች የትኞቹ ናቸው? በሳንዲያጎ ለምሳሌ ቀድሞ በሁለት ሳምንት አንድ ጊዜ ይነሣ የነበረው ሪሳይክል (እንደገና ጥቅም ላይ የሚውል ቆሻሻ) በየሳምንቱ እንዲነሣ መታቀዱና ማጠራቀሚያዎቹ በአዲስ እንዲተኩ መደረጉ ለዋጋው መጨመር ምክንያት ከሆኑት መካከል ነበሩ። ነዋሪው «በሁለት ሳምንት አንዴ ይበቃናል፤ ዋጋውን ቀንሱልን» ብሎ መጠየቅ ይችላል።

ዋጋው ከተማው የፈለገውን ያህል ሊጨምርበት የሚችል ነገር እንዳይመስልዎት፤ በአንጻሩ ሁሉም በከተማው እጅ ያለ ነገርም አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የግዛቲቱ ሕግ፣ ኤስ ቢ 1383 የሚባለው፣ ከጃኑዋሪ 2022 ጀምሮ ከተሞች የምግብ ትርፍራፊና የአትክልት ቆሻሻ ለብቻ እንዲሰበስቡ አስገድዷቸዋል። ዓላማው በቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲበሰብስ ሚቴን የሚባለውን ጋዝ የሚያወጣውን ነገር መቀነስ ነው። አረንጓዴው ማጠራቀሚያ የመጣው ከዚህ ሲሆን፣ ሦስተኛ ማጠራቀሚያና ተጨማሪ መኪና ማለት ተጨማሪ ወጪ ማለት ነው። ይህን ክፍል ለመቃወም የከተማው ምክር ቤት ትክክለኛ ቦታ አይደለምና ጉልበትዎን በሌላው ላይ ያውሉ።

አራተኛ፦ የጽሑፍ ተቃውሞውን ያዘጋጁ

ተቃውሞው አጭር ቢሆን ይመረጣል። አንድ ገጽ ይበቃል። መያዝ ያለበት የባለቤቱ ሙሉ ስም፣ የቤቱ አድራሻ፣ በግብር ቢሉ ላይ የሚገኘው የንብረት መለያ ቁጥር፣ የሚቃወሙት ክፍያ ስም፣ መቃወምዎን በግልጽ የሚናገር ዓረፍተ ነገር፣ ቀንና የእጅ ፊርማ ነው። ዓረፍተ ነገሩ እንዲህ ሊሆን ይችላል፦ «ከላይ የተገለጸው ንብረት ባለቤት እንደመሆኔ፣ በዚህ ቀን ሊሰማ በተቀጠረው ጉዳይ የታቀደውን የደረቅ ቆሻሻ ማንሻ ክፍያ እቃወማለሁ።» ምክንያት መጻፍ ተቃውሞው እንዲቆጠር ቅድመ ሁኔታ አይደለም፤ ቢሆንም በሦስተኛው ደረጃ ያገኙትን አንድ ወይም ሁለት ነጥብ ከጥናቱ የገጽ ቁጥር ጋር ቢጨምሩ በመዝገብ ላይ ይቀመጥልዎታል። ተቃውሞውን የሚቀበለው የከተማው ጸሐፊ በቀላሉ እንዲያነበው ደብዳቤውን በእንግሊዝኛ ያስጽፉት፤ ለሚፈርመው ሰው ግን አስቀድመው በአማርኛ ያንብቡለት።

ለአንድ ንብረት የሚቆጠረው አንድ ተቃውሞ ብቻ ነው፤ ባልና ሚስት ለየብቻ ቢልኩ ቁጥሩ አይጨምርም። ሁለት ቤት ያለው ሰው ግን ለእያንዳንዱ ለየብቻ መላክ አለበት። ተቃውሞ በምን መንገድ እንደሚቀበሉ ማስታወቂያው ላይ ተጽፏል፤ ኢሜይል እንደሚቀበሉ በግልጽ ካልተጻፈ በኢሜይል አይተማመኑ። የምመክረው በሁለት ኮፒ አዘጋጅተው ወደ ከተማው ጸሐፊ ቢሮ በእጅ ወስደው አንዱን ማስረከብ፣ በሌላው ላይ የተቀበሉበትን ቀን የሚያሳይ ማኅተም ማስመታት ነው። ተቃውሞው ስብሰባው ከመዘጋቱ በፊት መድረስ አለበት፤ በፖስታ የሚልኩ ከሆነ በመንገድ የሚፈጀውን ጊዜ ያስቡ።

ተከራይ ከሆኑና ክፍያውን በስምዎ በቀጥታ የሚከፍሉ ከሆነ እርስዎም መቃወም ይችላሉ። ክፍያው በባለቤቱ ግብር ላይ የሚመጣ ከሆነ ግን አከራይዎን ማነጋገር ይሻላል፤ ውልዎ ላይ ቆሻሻን የሚከፍለው ማን እንደሆነ የተጻፈውን ቃል አስቀድመው ይመልከቱ።

አምስተኛ፦ ጎረቤት ያስተባብሩ፣ ቁጥሩንም በእውነት ይንገሩ

ክፍያው የሚወድቀው ከግማሽ በላይ የሆኑት ንብረቶች ከተቃወሙ ነው። በሳንዲያጎ ማስታወቂያ የደረሳቸው ንብረቶች ከ220 ሺህ በላይ ስለነበሩ ከ113 ሺህ የሚበልጥ ተቃውሞ ያስፈልግ ነበር። የደረሰው ግን 46 ሺህ ገደማ ነው፤ ምክር ቤቱም ጁን 9 ቀን በ6 ድምፅ ለ3 አጽድቆታል። በትልቅ ከተማ ግማሹን ማሰባሰብ እጅግ ከባድ መሆኑን ለሚያስተባብሯቸው ሰዎች ሳይደብቁ ይንገሩ።

ታዲያ ለምን ይደከማል? ከማስታወቂያው እስከ ውሳኔው ባለው ጊዜ ቁጥሩ ስለሚንቀሳቀስ ነው። በሳንዲያጎ መጀመሪያ 53 ዶላር ገደማ ተብሎ የቀረበው ሐሳብ በማስታወቂያው 47.59 ሆኖ ወጣ፤ በመጨረሻም 43.60 ሆኖ ጸደቀ። ምክር ቤት በማስታወቂያው ከተገለጸው ዝቅ አድርጎ ማጽደቅ ይችላል፤ ከፍ ማድረግ ግን አይችልም። በትንሽ ከተማ ደግሞ ሁለትና ሦስት ሺህ ፊርማ ግማሹን ሊሞላ ይችላል።

ለማስተባበር የእኛ ማኅበረሰብ ዝግጁ መድረክ አለው። የእድር ወርሃዊ ስብሰባ ላይ ወይም ከቅዳሴ በኋላ አንድ ጠረጴዛ ዘርግተው፣ የተዘጋጀውን ቅጽ ይዘው፣ ለእያንዳንዱ ሰው የግብር ቢሉን ይዞ እንዲመጣ በሳምንቱ ማስታወቅ ነው። የንብረት መለያ ቁጥሩን ሰው በቃሉ አያውቀውምና ቢሉ ካልመጣ ሥራው ይቆማል። በማንም ስም አይፈርሙ፤ «እናቴ እሺ ብላለች» ብሎ የፈረመ ልጅ የእናቱን ተቃውሞ ውድቅ ያደርገዋል።

ስድስተኛ፦ በስብሰባው ላይ ይናገሩ

በቃል መናገር እንደ ተቃውሞ አይቆጠርም፤ የሚቆጠረው ወረቀቱ ነው። የመናገር ጥቅሙ የምክር ቤቱን አባላት ሐሳብ ለመንካት ነው። ለተናጋሪ የሚሰጠው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ሁለት ወይም ሦስት ደቂቃ ሲሆን፣ በካሊፎርኒያ ብራውን አክት በተባለው የስብሰባ ሕግ መሠረት በአስተርጓሚ የሚናገር ሰው ቢያንስ እጥፍ ጊዜ ያገኛል። ይህን መብት ብዙ ሰው አያውቀውም። እናቶቻችን በአማርኛ ቢናገሩና ልጅ ቢያስተረጉምላቸው ሰዓቱ አይበላባቸውም። አጀንዳው መደበኛ ስብሰባ ከመደረጉ ከ72 ሰዓት በፊት ስለሚለጠፍ ጉዳዩ በስንተኛ ተራ እንዳለ አይተው ይሂዱ።

ሲናገሩ ስለ መንግሥት በጠቅላላው አይናገሩ። ገቢዎ ስንት እንደሆነ፣ በሳምንት ምን ያህል ቆሻሻ እንደሚያወጡ፣ ከጥናቱ የትኛው ወጪ እንዳልገባዎት ይናገሩና አንድ ነገር ይጠይቁ። ለምሳሌ ለትንሹ ማጠራቀሚያ የሚከፈለው ዋጋ ከትልቁ በይበልጥ እንዲራራቅ መጠየቅ ለብቸኛ አዛውንቶች ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ሰባተኛ፦ ከጸደቀ በኋላ ክፍያዎን ይቀንሱ

እዚህ ላይ ገንዘቡ በእጅዎ ነው። በሳንዲያጎ የቆሻሻው ማጠራቀሚያ በ95፣ በ65 እና በ35 ጋሎን ይቀርባል፤ ትንሹን የመረጠ ያነሰ ይከፍላል። ጋሎን ለብዙዎቻችን የለመድነው መለኪያ አይደለምና በጀሪካን ልንገራችሁ፦ ባለ 95 ጋሎኑ 18 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን ያህል ሲይዝ፣ ባለ 35 ጋሎኑ ስድስት ተኩል ያህል ይይዛል።

የሚስማማዎትን ለማወቅ ለአራት ሳምንት ይለኩ። መኪናው ከመምጣቱ በፊት ባለው ምሽት ክዳኑን ከፍተው ቆሻሻው የት ድረስ እንደደረሰ ይጻፉ። ከላይ ከጠቀስኳቸው እናት ጋር ይህን ስናደርግ በመጀመሪያው ሳምንት ትልቁ ማጠራቀሚያ ሲሦው እንኳ አልሞላም ነበር። የሞላውንም ስናየው አብዛኛው የቡና አተላ፣ የሽንኩርት ልጣጭ፣ የደረቀ እንጀራና የዶሮ አጥንት ነው። እነዚህ ሁሉ ወደ አረንጓዴው ይሄዳሉ። በፌስታል ቋጥረው ግን አይጣሉ፤ ፌስታል አረንጓዴው ውስጥ አይገባም። ካርቶኑን አጣጥፈው ወደ ሰማያዊው የሪሳይክል ማጠራቀሚያ ሲያስገቡ ለግራጫው የቆሻሻ ማጠራቀሚያ የቀረው አንድ ከረጢት ብቻ ሆነ። ዳይፐር የሚጠቀም ሕፃን ወይም ታማሚ ያለበት ቤት ግን ወደ ትንሹ ለመውረድ አይቸኩል፤ ሞልቶ ክዳኑ የማይገጥም ማጠራቀሚያ ላይነሣ ይችላል፤ መልሶ ለማስቀየርም አንዳንድ ከተሞች ያስከፍላሉ።

ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ሰዎች ከተማው ያዘጋጀው የክፍያ ድጋፍ ካለ ፈጥነው ማመልከት አለባቸው። መፍጠን ያስፈለገበት ምክንያት ከሕጉ የመጣ ነው፦ የአንዱን ባለቤት ክፍያ ለሌላው መደጎሚያ ማድረግ ስለማይቻል፣ የድጋፉ ገንዘብ ከሌላ የከተማው በጀት ይመጣል፤ በጀቱም የተወሰነ ስለሆነ ሊያልቅ ይችላል። የገቢ ማስረጃ ይጠየቃል፤ በሜዲካል (የጤና መድን) ወይም በካልፍሬሽ (የምግብ ድጋፍ) ፕሮግራም የተመዘገቡ ሰዎች የዚያን ደብዳቤ ይዘው ይሂዱ፤ ብዙ ጊዜ እንደ ማስረጃ ይቀበሉታል።

ቢሉ ሲመጣ ደግሞ የተከፈለበት የማጠራቀሚያ ስፋትና ቁጥር በግቢዎ ካለው ጋር እንደሚመሳሰል ያረጋግጡ። ግቢ ውስጥ ሁለተኛ ቤት የሠሩ ሰዎች ላይ የቤቶቹ ብዛት በስህተት ሊመዘገብ ይችላል። ስህተት ካገኙ በፎቶግራፍ አስደግፈው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ በስልክ የነገሩት ነገር ማስረጃ አይሆንም።

ስምንተኛ፦ ከዚያ በኋላ ያለው መንገድ

ሕገ መንግሥቱ መራጮች የተጣለን ክፍያ በሕዝብ ተነሣሽነት ወደ ድምፅ አቅርበው እንዲቀንሱ ወይም እንዲሽሩ ይፈቅዳል። ለዚህ የሚያስፈልገው የፊርማ ብዛት በከተማው ውስጥ በመጨረሻው የገዥ ምርጫ ከተሰጠው ድምፅ አምስት በመቶ ነው። ፊርማውን የሚሰጡት ግን የተመዘገቡ መራጮች ብቻ ስለሆኑ፣ ዜግነት አግኝተው ያልተመዘገቡ ወገኖች አስቀድመው ይመዝገቡ። ፍርድ ቤት መሄድም ይቻላል፤ በሳንዲያጎ ባለቤቶች ክስ አቅርበዋል። ይህ ግን የጊዜ ገደብ ያለውና የሕግ ባለሙያ የሚጠይቅ ሥራ ነው።

የጭማሪ ሠንጠረዥ ከጸደቀ፣ በየዓመቱ ዋጋው ከመለወጡ ከ30 ቀን በፊት ሌላ ማሳወቂያ ይላካል። ከመጀመሪያው ማስታወቂያ ጋር ያስተያዩትና አዲሱ ዋጋ በሠንጠረዡ ከተፈቀደው ካለፈ ወዲያውኑ በጽሑፍ ይጠይቁ። ለዚህ የመጀመሪያው ማስታወቂያ፣ ማኅተም የተመታበት የተቃውሞ ኮፒ፣ የአራት ሳምንቱ መለኪያና የግብር ቢሎቹ በአንድ ፋይል ይቀመጡ።